ጫማ የሚቀየርላቸው ቤቶች፦ ስለ ራውማ የእንጨት ከተማ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ አድማጮች፤

ወደ ራውማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሄድሁበት ዕለት አንድ አናጢ ከመንገድ ዳር ተንበርክኮ የአንድን ቤት የታችኛውን ግንድ በመሮ እጀታ እየመታ ድምፁን ሲያዳምጥ አገኘሁት። ማንኛውም ጎብኚ የሚጠይቀውን ጠየቅሁት፤ «ይህ ቤት ስንት ዓመቱ ነው?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና «የትኛው ክፍሉ?» ሲል መለሰልኝ። መልሱ ለቀልድ አልነበረም። በመሮው እየጠቆመ ያስረዳኝ ጀመር፤ ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ የተጋደመው ግንድ በአምናው የበጋ ወራት የገባ አዲስ ጥድ ነበር፤ ከእርሱ በላይ ያለው ግድግዳ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ፣ ግድግዳውን ወደ መንገዱ በኩል የሸፈነው ጌጠኛ የሳንቃ ልባጥ የ1890ዎቹ፣ ቀለሙ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቀባ ነበር። እንግዲህ ለጥያቄዬ አንድ ቁጥር መስጠት የሚችል ሰው በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም።

ያ መልስ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ዛሬ የምናገረውም ከእርሱ የተነሣ ነው። ራውማን የሚጎበኝ ሰው የከተማዋን ዕድሜ ከሚቆጥር ይልቅ አያያዟን ቢመለከት ብዙ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በዚያች ከተማ ሳይቋረጥ የኖረው ነገር እንጨቱ ሳይሆን እንጨቱን የሚጠግነው እጅ ነው።

ከስፍራዋ ልጀምር። ራውማ የምትገኘው በፊንላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ፊንላንድን ከስዊድን በሚለየው የቦትንያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው። የከተማነት መብት ያገኘችው በ1442 ሲሆን፣ በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ። የዛሬዋ ራውማ 39,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት፣ የወረቀት ፋብሪካ፣ የመርከብ መሥሪያና ሥራ የበዛበት ወደብ ያላት የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳም በመጀመሪያ የሚያየው እንደማንኛውም ቦታ ያለ የኮንክሪት ሕንፃ ነው። የእኛ ጉዳይ በመካከሏ የተቀመጠችው አሮጌዋ ራውማ ናት። ከ30 ሄክታር በማይበልጥ መሬት ላይ 600 ያህል የእንጨት ሕንፃዎች ተደግፈው ቆመዋል፤ አብዛኞቹም ፎቅ የሌላቸው ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ 800 ያህል ሰዎች ይኖራሉ። ዩኔስኮ ይህችን ሰፈር በ1991 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት፣ ከሄልሲንኪ ፊት ለፊት ካለው የሱኦመንሊና የባሕር ምሽግ ጋር የፊንላንድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅርሶች ሆኑ።

የእንጨት ከተማ ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ እንጨት ይነዳልና። ራውማም ነድዳለች፤ በ1640 እና በ1682 የተነሡት ሁለት እሳቶች ከተማዋን አውድመዋታል። ከ1682 በኋላ ግን ከተማዋን በሙሉ የበላ እሳት አልተነሣም። ይህ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው የሚገባን ጎረቤቶቿ የደረሰባቸውን ስናይ ነው። ከራውማ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቱርኩ በ1827 ተቃጠለች፤ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ፖሪ በ1852 ተቃጠለች፤ በዚያው ዓመት ከዚያም በስተሰሜን ያለችው ቫሳ አመድ ሆነች። እሳቱ ያጠፋው ቤቶቹን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነዋሪዎቹ በነበረው ቦታ መልሰው በሠሯቸው ነበር። ነገር ግን ከእሳቱ በኋላ መሐንዲሶች ማስመሪያቸውን ይዘው መጡ፤ እሳት ከሰፈር ወደ ሰፈር እንዳይዘል መንገዶቹ ሰፍተውና ቀጥ ብለው እንደገና ተነደፉ፤ በዚህም የድሮው የከተማ አቀማመጥ ከመሬት ላይ ተፋቀ። ራውማ ከዚያ ማስመሪያ አመለጠች። ዛሬ በአሮጌዋ ራውማ ስትራመዱ መንገዱ ያለ ምክንያት ጎበጥ ሲል፣ ሁለት ጎዳናዎች ሹል ማዕዘን ሠርተው ሲገናኙ፣ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ሁለቱን ግድግዳዎች ሊነካ የሚቃጣበት ኪቱክራን የተባለ ስርጥ ሲያጋጥማችሁ፣ የምትረግጡት ከቤቶቹ በብዙ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የመንገድ መስመር ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ለነዋሪዎቹ ጥንቃቄ ሲሰጡት ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። የቱርኩ ሰዎችም እሳት ይፈሩ ነበር። የራውማ ድርሻ፣ በግልጽ ለመናገር፣ ዕድል ነበር፤ ጥንቃቄው የመጣው ዕድሉ የተረፈላቸውን ነገር ከዚያ በኋላ እንዴት እንደያዙት ላይ ነው።

ስለ ነዋሪዎቹ ጽናት የሚነገር አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። በ1550 በዚያን ጊዜ ፊንላንድን ይገዛ የነበረው የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ፣ ከባልቲክ ማዶ ካለችው ከታሊን ጋር የሚፎካከር የንግድ ከተማ ሊመሠርት ፈልጎ የራውማን ነጋዴዎች ከሌሎች ሦስት ከተሞች ነጋዴዎች ጋር ቤታቸውን ትተው ወደ አዲሲቱ ከተማ እንዲዛወሩ አዘዘ። አዲሲቱ ከተማ ሄልሲንኪ ነበረች። ራውማዎች ሄዱ፤ አልተስማማቸውም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሲፈቀድላቸው ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። ዛሬ ዋና ከተማ የሆነችውን ሄልሲንኪን አንፈልግም ብለው የተመለሱ ሰዎች ልጆች መሆናቸውን የራውማ ሰዎች ለእንግዳ ሲያጫውቱ የሚታይባቸውን ፈገግታ መግለጽ ያዳግታል።

አሁን ጎብኚውን ግር የሚያሰኝ ነገር ላንሣ። ራውማ የባሕር ከተማ ትባላለች፤ ከአሮጌው ሰፈር ግን ባሕሩ አይታይም። ባሕር ፍለጋ የመጣ ሰው መንገዱን ሁሉ ዞሮ የሚያገኘው ልጅ ሊሻገረው የሚችል ጠባብ ወንዝ ብቻ ነው። ምክንያቱ የበረዶ ዘመን ነው። ያን አካባቢ ከ10,000 ዓመት በፊት እስኪቀልጥ ድረስ ሸፍኖት የነበረው፣ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይደርስ የነበረው የበረዶ ክምር መሬቱን ወደ ታች ተጭኖት ነበር፤ በረዶው ከሄደ በኋላ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ፤ አሁንም አልጨረሰም። በራውማ ጠረፍ መሬቱ በ100 ዓመት ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ዳርቻው ዘቅዛቃ ባልሆነበት አገር ግማሽ ሜትር ከፍታ ማለት ባሕሩ በጣም ይርቃል ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በውኃው አፍ ላይ የነበረችው ከተማ እያደር ወደ ውስጥ ቀረች፤ ወደቡም ባሕሩን ተከትሎ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ይህን ነገር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው በራውማ ወረዳ ውስጥ ወዳለው ሳማላህደንማኪ ይሂድ፤ ከ3,000 ዓመት በፊት የነሐስ ዘመን ሰዎች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው 36 የድንጋይ ክምሮች እዚያ አሉ። ክምሮቹ ሲሠሩ ባሕሩ በቅርብ ይታይ ነበር፤ ዛሬ የከበባቸው ጫካ ነው። ይህም ስፍራ በ1999 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ባሕሩ እየራቀ ቢሄድም ከተማዋ የምትኖረው በባሕር ነበር። በ1890ዎቹ፣ የእንፋሎት መርከብ በሌላው ዓለም ሸራውን እየገፋው ባለበት ጊዜ፣ ከ50 በላይ የሸራ መርከቦች የነበሯት ራውማ ከፊንላንድ ከተሞች ሁሉ ትልቁ የሸራ መርከብ ኃይል ነበራት። በባለመርከብነቱ ብዙ ሰው ድርሻ ስለነበረው ትርፉም ወደ ብዙ ቤት ይገባ ነበር። የቤቱ ባለቤት ገንዘብ ሲያገኝ ምን አደረገ? ቤቱን አፍርሶ አዲስ አልሠራም። አሮጌውን የግንድ ግድግዳ እንዳለ ትቶ ወደ መንገዱ ባለው ፊቱ ላይ በዘመኑ የሚወደደውን፣ በድንጋይ ቤተ መንግሥት አምሳል የተቀረጸ የሳንቃ ልባጥ መታበት፤ ለመስኮቶቹ ጌጠኛ ክፈፍ፣ ለበሮቹ የተጠረበ አክሊል አበጀላቸው። አሮጌዋን ራውማ ዛሬ የምናውቅበት መልክ በአብዛኛው ይህ የ1890ዎቹ ልብስ ነው። የባለጠጋው ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው ማሬላ የተባለው የባለመርከብ ቤት ሲሆን፣ የመርከበኛው ኑሮ ደግሞ ኪርስቲ በተባለው ቤት ይታያል፤ ሁለቱም ሙዚየም ናቸው። ጊዜ የሌለው ሰው አንዱን ብቻ መምረጥ ካለበት ኪርስቲን እመክራለሁ። ከማሬላ የሚመሳሰሉ ሳሎኖች በሌላም አገር አሉ፤ የመርከበኛ ወጥ ቤት ግን በየትም አገር ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሰው አያገኝም።

ወደ እንጨቱ ልመለስ፤ የንግግሬ እምብርት እርሱ ነውና።

የራውማ ቤት አጥንቱ ግንድ ነው። የጥድ ግንዶች በመጥረቢያ ተጠርበው አንዱ በሌላው ላይ በአግድም ይጋደማሉ፤ ማዕዘን ላይ ሲደርሱም ጫፋቸው ተፈልፍሎ እርስ በርሱ ይነካከሳል፤ ግድግዳውን የሚያቆመውም ምስማር ሳይሆን ይህ ንክሻና የራሱ የግንዱ ክብደት ነው። በግንድና በግንድ መካከል ነፋስ እንዳይገባ ከጫካ የሚለቀም ለስላሳ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ወይም የተልባ ቃጫ ይጠቀጠቃል። ርጥበት ከድንጋዩ ወደ ግንዱ እንዳይወጣ ደግሞ በርች የተባለው ነጭ ዛፍ ቅርፊት ይነጠፋል፤ ይህ ቅርፊት ውኃ የማያሳልፍና በቀላሉ የማይበሰብስ ነው። እንዲህ ያለ ቤት እንደ ግንብ አንድ ወጥ አይደለም። ግንዶቹ ምልክት ተደርጎባቸው ሊፈቱ፣ በሌላ ቦታም እንደገና ሊገጠሙ ይችላሉ። ቤት ሊረዝም፣ ከፍ ሊል፣ ሊቆረጥ ይችላል። አናጢው «የትኛው ክፍሉ?» ያለኝ ስለዚህ ነው።

የዚህ ቤት ጠላት ከታች ይመጣል። ዝናብ መሬት ነክቶ ይረጫል፤ በረዶ ግድግዳ ሥር ተከምሮ ይቀልጣል፤ በዘመናት ውስጥም መንገዱ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተጨመረበት ከፍ ስለሚል ድሮ ከመሬት በላይ የነበረው ግንድ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ከላይ ያለው ግድግዳ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የታችኛው ግንድ ይበሰብሳል። ፊንላንዶች ይህን ግንድ ለመለወጥ የሚጠቀሙበት ቃል ፈረስን ጫማ ለማልበስ ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ነው፤ ቤቱ ጫማ ተቀየረለት ይላሉ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ቤቱ በክሪክ ጥቂት በጥቂት፣ ምናልባት የጣት ውፍረት ያህል ብቻ፣ ይነሣል፤ የበሰበሰው ግንድ በመጋዝ እየተቆራረጠ ይወጣል፤ በቦታው ከአሮጌው ጋር የሚስማማ፣ ቀስ ብሎ ያደገና ቀለበቶቹ የተቀራረቡ ጥድ ተጠርቦ ይገባል፤ ከዚያም ቤቱ በአዲሱ ግንድ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። አዲሱ ግንድ ርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይኮማተራልና አናጢው የሚመጣውን መሰብሰብ አስቀድሞ አስልቶ ይተውለታል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ የሚጽፍ አናጢ አላየሁም።

ቀለሙም የዚያው ዕውቀት አካል ነው። የጓሮ ቤቶች፣ ጎተራዎችና ጋጣዎች የሚቀቡት ቀይ ቀለም ከብረት ማዕድን ጋር የተዋሐደ አፈር ሲሆን፣ በጣም የታወቀው በስዊድን ከፋሉን የመዳብ ማዕድን የሚወጣው ነው። አፈሩ ከውኃ፣ ከእህል ዱቄትና ከብረት ጨው ጋር በትልቅ ድስት ይቀቀላል፤ ሲበቃው ቀጠን ያለ ገንፎ ይመስላል። ለመንገዱ ፊት፣ ለመስኮትና ለበር ደግሞ በተልባ ዘይት የተበጠበጠ ቀለም ይቀባል። የሁለቱም ጥበብ አንድ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ የገባ ርጥበት ተመልሶ እንዲወጣ መንገድ ይተውለታል። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፋብሪካ ፕላስቲክ ቀለም ሲመጣ በየአገሩ ብዙ ሰዎች ሥራ ቀለለልን ብለው ቀቡት፤ ቀለሙ አልላጥ ብሎ ለዓመታት አብረቀረቀ፤ ከሥሩ ግን ርጥበቱ መውጫ አጥቶ እንጨቱን በላው። አንድ የቤት ባለቤት የውጭው ቀለም ሳይነካ ጣቱ ወደ ውስጥ የገባበትን የመስኮት ክፈፍ አሳይቶኛል። ያ ክፈፍ እስከ ዛሬ ድረስ ግድግዳው ላይ ለማስተማሪያ ተሰቅሏል።

ስለዚህ በአሮጌዋ ራውማ ውስጥ ታሜላ በተባለው ቤት የሚገኘው የጥገና ማዕከል ከየትኛውም ሙዚየም ይልቅ የሚጠቅም መስሎ ታይቶኛል። አብዛኞቹ ቤቶች የግል ንብረት ናቸው፤ ሙዚየም ቢሆኑ ኖሮ መንግሥት ባለሙያ ቀጥሮ ይጠግናቸው ነበር፤ አሁን ግን መስኮቱን የሚጠግነው በዚያ መስኮት የሚያየው ሰው ነው፤ እርሱም ማወቅ አለበት። ማዕከሉ ለእንዲህ ያሉ ባለቤቶች ምክር ይሰጣል፤ አሮጌ ስቱኮ እንዴት ሳይሰበር ከመስታወት ላይ እንደሚነሣ፣ የተልባ ዘይት ቀለም በስንት ስስ ንብርብር እንደሚቀባ፣ ምን መጣል ምን ደግሞ ማትረፍ እንደሚገባ ያሳያል። የድሮ መስኮት ከአዲሱ የሚሻልበት ምክንያት ስሜት ብቻ አይደለም፤ ያ እንጨት ከቀዝቃዛ ጫካ በዝግታ ያደገ ጥቅጥቅ ያለ ጥድ በመሆኑ ከተጠገነ ሌላ 100 ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

ከእንጨቱ ሥራ አጠገብ፣ በዚያው ከተማ፣ ሌላ የእጅ ሥራ አለ፤ ዳንቴል።

ዳንቴል ስል በመርፌ ወይም በኪሮሽ የሚሠራውን ማለቴ አይደለም። የራውማ ዳንቴል የሚሠራው በትንንሽ የእንጨት ዘንጎች ነው። ሸማኔ በቀሰም ላይ ማጉን እንደሚጠነጥን ሁሉ፣ ቀጭን የተልባ እግር ክር በዘንጎቹ ላይ ይጠነጠናል፤ ዘንጎቹ ሁልጊዜ በጥንድ በጥንድ ይንጠለጠላሉ። ሠሪዋ ፊት ለፊት ጠበቅ ብሎ የተሞላ ትራስ አለ፤ በትራሱ ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የንድፍ ካርቶን ተለጥፏል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ክሩን ቦታው ላይ የሚይዝ ስፒል ይተከላል። ከዚህ በኋላ ያለው እንቅስቃሴ ሁለት ብቻ ነው፤ ማሻገርና መጠምዘዝ። ከሁለት ጥንድ አራት ክሮች መካከለኞቹ ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራሉ፤ ከዚያም የየጥንዱ ክሮች እርስ በርስ ይጠመዘዛሉ። አበባ፣ ቅጠል፣ መረብ፣ ጠርዝ፣ የቱንም ብታዩ ከእነዚህ ሁለት እንቅስቃሴዎች ቅደም ተከተል የወጣ ነው። ለቀላል ጠርዝ ጥቂት ጥንዶች ይበቃሉ፤ ለሰፊ ሥራ በደርዘን የሚቆጠሩ ያስፈልጋሉ። በጸጥታ ክፍል ውስጥ ዘንጎቹ ሲጋጩ የሚያሰሙት ድምፅ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚጀምር ካፊያ ነው።

ይህ ሥራ በራውማ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። መነኮሳት አመጡት የሚሉ አሉ፤ መርከበኞች ከሩቅ ወደብ አመጡት የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ለከተማዋ የሚስማሙ ታሪኮች በመሆናቸው ነዋሪው ሁለቱንም ያወራል። የመነኮሳቱ ነገር ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ፍራንቸስካውያን በራውማ ገዳም ነበራቸው፤ ገዳሙ በ1538 ሲዘጋ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ፤ በ1640 እሳት ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ደግሞ የከተማው ሕዝብ ወደዚህ ገባ። የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ይባላል፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥዕሎች ዛሬም በመቅደሱ ጣሪያ ላይ ይታያሉ።

ዳንቴሉን ያበለጸገው ግን ቆብ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶች በሐር የተለበጠ ደረቅ ቆብ ያደርጉ ነበር፤ ከቆቡ ሥር ግንባር ላይ የሚወጣው ነጭ ጠርዝ ዳንቴል መሆን ነበረበት። ፍላጎቱ እጅግ በማደጉ በራውማ ልጃገረዶች ብቻ ሳይሆኑ እናቶችና አሮጊቶች፣ ወንዶች ልጆችም ጭምር ዘንግ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ባል በባሕር ላይ ለወራት ሲጠፋ ቤቱን የሚያቆየው ይህ ክር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቆቡ ከፋሽን ወጣ፤ ከእርሱም ጋር ገበያው ወደቀ። ሙያው የተረፈው ገበያ ባይኖረውም መሥራቱን ባልተዉ ጥቂት ሴቶች እጅ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማስተማር ሲጀመር የሚያስተምር ሰው የተገኘውም ስለዚህ ነው። ከ1971 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ የዳንቴል ሳምንት ይከበራል፤ ሠሪዎቹ ትራሳቸውን ይዘው በየግቢው ይቀመጣሉ፤ ከሳምንቱ ቀኖች በአንዱም የጥቁር ዳንቴል ሌሊት የሚባል አለ፤ ሱቆች እስከ ምሽት ክፍት ሆነው ከተማው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል።

በዚያ ሳምንት ከአንዲት አዛውንት አጠገብ ለረዥም ጊዜ ቆሜ ነበር። እጃቸው ከዓይኔ ይፈጥን ነበር። በድንገት ቆሙ፤ ዘንጎቹን ቆጠሩ፤ ከዚያም ያለ ምንም ብስጭት ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ወደ ኋላ መፍታት ጀመሩ። የጠዋቱን ሥራ ሁሉ ፈቱት። ስሕተቱ የት እንደነበረ እንዲያሳዩኝ ብጠይቃቸው አንድ ቦታ ላይ አንድ ማሻገር መዝለላቸውን አሳዩኝ፤ ለእኔ ዓይን ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ነገር ግን በዚህ ሥራ የተዘለለ ማሻገር ባለበት አይቀርም፤ ጥንዱ ወደማይገባው ጎረቤት ይሄዳል፤ ያም ጎረቤት ሌላውን ይገፋል፤ ከብዙ ረድፍ በኋላ ንድፉ ሊዘጋ ሲል አንድ ክር ይተርፋል፣ በሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ይጎድላል። «ኋላ ከምፈታ አሁን ብፈታ ይቀለኛል» አሉኝ። በዚያን ዕለት የሸጡት ምንም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ሳልደብቅ ላቅርብ። የዳንቴሉ ሳምንት ሙያውን ለማየት ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ ጊዜ ነው፤ ከተማዋን ለማየት ግን ከዓመቱ ሁሉ የከፋ ነው። መንገዶቹ ለዚያ ሁሉ ሰው አልተሠሩም፤ ጎብኚው የሚያየው የጎብኚ ጀርባ ነው። በሌላ ጊዜ የሄደ ሰው ደግሞ ያልጠበቀውን ነገር ያያል፤ ከተማዋ ትሠራለች። የገበያው አደባባይ አለ፤ በ1776 እና 1777 የተሠራው አሮጌው የከተማ አዳራሽ፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው፣ በአደባባዩ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ከፊቱ ግን ሰዎች ዓሣና ድንች ይገዛሉ። ካውፓካቱ በተባለው ዋና መንገድ ላይ መድኃኒት ቤት፣ መጽሐፍ ቤት፣ ጫማ ቤት ይገኛል። ብዙ ቅርስ የሆኑ ሰፈሮች ከመታሰቢያ ዕቃ በቀር የሚሸጥባቸው ነገር እስኪጠፋ ድረስ ነዋሪያቸውን አጥተዋል። ራውማ እዚያ አልደረሰችም፤ ፈተናው ግን አለባት። ነዋሪ ሙቀት የሚይዝ መስኮት፣ መኪና የሚያቆምበት ቦታ፣ ሰፊ መታጠቢያ ቤት ይፈልጋል፤ ነጋዴም ሰፊ መስታወት ይፈልጋል። የከተማው ደንብ ደግሞ በመንገዱ በኩል ብዙ ነገር አይፈቅድም። ነዋሪዎቹ በዚህ ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ፤ እውነትም አላቸው፤ በ600 ቤቶች መካከል እያንዳንዱ ሰው መስኮቱን በመሰለው ቢለውጥ ግን ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር አይኖርም ነበር።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። የመንገደኛ ባቡር ወደ ራውማ አይሄድም፤ ከቱርኩ ወይም ከፖሪ በአውቶቡስ መምጣት ይቀላል፤ ከሄልሲንኪም 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሩቅ የሚመራችሁ የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ነጭ ግንብ ነው፤ ግንቡ በ1816 የተጨመረው ለመርከበኞች ምልክት እንዲሆንም ነበር። ቤቶቹን ስታዩ በር ላይ ያለውን ስም አንብቡ፤ እያንዳንዱ ቤት ከቁጥሩ ሌላ ስም አለው። መስኮት ላይ ወደ መንገዱ ዘንበል ብሎ የተሰቀለ ትንሽ መስታወት ካያችሁ ከውስጥ የተቀመጠ ሰው ሳይታይ አላፊ አግዳሚውን የሚያይበት ነው፤ ሐሜተኛ መስታወት ይሉታል፤ እናንተም በእርሱ ውስጥ መታየታችሁን አትርሱ። የቤቶቹ ፊት ወደ መንገዱ፣ ኑሯቸው ግን ወደ ግቢው ነው። ጋጣው፣ ጎተራው፣ የማገዶ ቤቱ ሁሉ በግቢው ዙሪያ ነበር፤ እነዚህ ከተሜዎች ላም ያረቡ ነበርና። ክፍት የሆነ ግቢ ካገኛችሁ ግቡ፤ ያልተለበጠ ግንድ፣ የመጥረቢያው ጠባሳ ሳይጠፋ፣ የሚታየው እዚያ ነው። የተዘጋ ከሆነ ግን የሰው ቤት ነውና ማለፍ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ራውማ የሄድሁት በኅዳር ነበር። ጎብኚ አልነበረም፤ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። ያን አናጢ በሌላ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ አንድ ቤት በክሪክ ተነሥቶ፣ በአንድ በኩል የታችኛው ግንዱ ወጥቶ፣ በቦታው የጨለማ ክፍተት ይታይ ነበር። ከዚያ ክፍተት በላይ በመስኮቱ መብራት በርቷል፤ መጋረጃው ውስጥ ሰው ይንቀሳቀሳል። ቤተሰቡ አልወጣም ነበር። አናጢው እንደነገረኝ ቤቱ ስለተነሣ ግድግዳው በጥቂቱ ተዛንፎ የመንገዱ በር መዝጊያው ከክፈፉ ጋር አልገጥም ብሏል፤ አዲሱ ግንድ ገብቶ ቤቱ ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ በሩን መነካካት አይገባም። እስከዚያው ድረስ የቤቱ ሰዎች በጓሮ በር ይገቡ ነበር።